የሽንት ጨርቅ ጥልፍና የእጅ እጥበት፦ ጌጡ የፈላ ውሃ እንዲችል

ጥልፍ ወዳድ (አዲስ አበባ)

ባለፈው ስለ አራስ ልብስ ስንጫወት፣ ቤት ውስጥ የተሰፋ የሽንት ጨርቅ እንዴት እንደሚጌጥ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ርዕሱን ለብቻው ከፍቼዋለሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ የሽንት ጨርቅ ጌጡ ምን ይሁን የሚለውን የሚወስነው እጥበቱ ነው። ይህ ጨርቅ እንደ ክት ልብስ በዓል እየጠበቀ አይወጣም። ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ካውያ ይነካዋል፤ በማግሥቱ ያው ይደገማል። ይህን የማይችል ክር ወይም ቀለም ከሕፃን ገላ አጠገብ ምንም ጉዳይ የለውም። የሚችል ጌጥ ግን አለ፤ ያምራልም። «ለሽንት ጨርቅ ደግሞ ምን ጌጥ ያስፈልገዋል» የሚሉትን አልሰማም። እናት ልጇን በቀን ደጋግማ የምታገላብጥበት ጨርቅ ዓይኗን ደስ ቢያሰኘው ምን ይከፋል?

ከጨርቁ ልጀምር። እኔ የምሠራው በአቡጀዲ ነው። አዲስ አቡጀዲ ሲነካ ደረቅ የሚለው በአሚዶው ምክንያት ነው። አሚዶው እስካለ ድረስ ጨርቁ ውሃ አይጠጣም፤ ሽንቱ ላዩ ላይ ተንከባሎ በጎን ይወጣል። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት ሌሊቱን ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት በሳሙና እቀቅለዋለሁ፣ አለቅልቄ አሰጣውና እንደገና አጥበዋለሁ። መድረሱን የማውቀው ጠብታ ውሃ ጣል አድርጌበት ነው። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ደርሷል፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ገና ነው። በዚህ መካከል ጨርቁ ይሰበሰባል። ሳያጥብ የቆረጠ ሰው በኋላ ያጥርበታል።

ከተሰበሰበ በኋላ፣ ተዘምዝሞ 70 ሳንቲ ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣው አድርጌ እቆርጣለሁ። ለአራስ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ይሆናል፤ ልጁ ሲያድግም አስተጣጠፉ እየተለወጠ ያገለግላል። ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፌ እዘመዝመዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ጫፍ ብዙ ሳይታጠብ ይተረተራል።

ብዙ ድርብ አድርጎ አወፍሮ መስፋት ብልኃት ይመስላል፤ አይደለም። በእጅ ሲታጠብ መካከሉ አይጠራም፣ ሲሰጣም መካከሉ አይደርቅም። ነጠላ ጨርቅ ግን ሲለበስ ይታጠፋል፣ ሲታጠብ ይዘረጋል። ለሌሊት ተጨማሪ የሚጠጣ ነገር ካስፈለገ ከፎጣ የተቆረጠ ጠባብ ጨርቅ ለብቻው ተዘምዝሞ መካከሉ ላይ ይነጠፋል።

አሁን ወደ ጥልፉ። እኔ የምጠልፈው ከአራቱ ማዕዘኖች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ጨርቁ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሲታጠፍ ያ ማዕዘን በልጁ እግሮች መካከል አልፎ ሆዱ ላይ ይወጣል። ጥልፉ ወደ ውጭ ይታያል፤ ገላውን የሚነካው ግን ከሥሩ ያለው ያልተጠለፈው ድርብ ነው። ሕፃኑ ለስላሳውን፣ እናቱ አበባውን ታገኛለች ማለት ነው።

የጥልፉ ዓይነትም ልዩነት አለው። የሰንሰለት ጥልፍና የመስቀል ጥልፍ ጥሩ ናቸው፤ ክሩ በአጭር በአጭሩ ጨርቁን ስለሚነክስ ሲታሽ አይሳብም። ረጃጅም ክር ጎን ለጎን እየተኛ የሚሞላው ጥልፍ ግን ትራስ ላይ ያማረውን ያህል እዚህ አይሆንም። በማሸት ክሩ ይነሣል፣ የሕፃን ጥፍር ይይዘዋል። ከጀርባ በኩል ቋጠሮ አይኑር፤ የክሩን ጫፍ በተጠለፈው ሥር አሳልፋችሁ ደብቁት። ክሩ ጥጥ ይሁን። ቀለም መልቀቁን ለማወቅ ክሩን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ መካከል አድርጉና በጋለ ካውያ ተጫኑት። ነጩ ከነካካ ያን ክር ለትራስ ልብስ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ናቸው።

ቀለሙን ለሥራም እጠቀምበታለሁ። ቢጫ አበባ ያለው የቀን፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለው የሌሊት። ሌሊት በደብዛዛ መብራት ልጅ የምታገላብጥ ሰው ጥቅሙን ታውቀዋለች።

ጨሌ፣ ቁልፍ፣ ሪባን፣ ወርቀ ዘቦ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዳንቴል፦ እነዚህን እባካችሁ ተዉ። ጨሌና ቁልፍ ተነቅሎ አፍ ይገባል፤ ወርቀ ዘቦ ይፍቃል፤ ዳንቴሉ ውስጥ የእግር ጣት ይገባል። የጨርቅ ቀለም በድንች ማህተም የሚያትሙም አሉ። ጫፍ ላይ ጠበብ ብሎ ከሆነ አልቃወምም፤ መካከሉ ላይ ከታተመ ግን ቀለሙ የያዘው ቦታ ሽንት አይጠጣም።

አስተጣጠቤ እንዲህ ነው። ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ ሽንት ቤት እጥላለሁ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቃለሁ። በሙቅ የሚጀምሩ አሉ፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ጠዋት በሳሙና አጥበዋለሁ። ከዚያ በላይ የቆየ ጨርቅ ሽታው ለመልቀቅ ያስቸግራል። ስታሹ ጥልፉን ከጥልፍ ጋር አታፋትጉት፤ እጃችሁን በጀርባው በኩል አድርጋችሁ ያልተጠለፈውን ክፍል እሹ። ስትጨምቁም የተጠለፈውን ማዕዘን አትጠምዝዙት፤ በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃዋል።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ክረምት ላይ በምን ታደርቃላችሁ? ውሃው የሚያስቸግራችሁስ እንዴት ትወጡታላችሁ?


የመጀመሪያ ልጅ (ሐዋሳ)

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ገና ስድስተኛ ወሬ ነው። እህቴ ከውጭ የላከችልኝ ጠቅ የሚል ቁልፍ ያላቸው፣ ውጫቸው ውሃ የማያስገባ፣ ውስጣቸው ኪስ ያላቸው የጨርቅ ዳይፐሮች አሉኝ። ነጭ ስለሆኑ የልጄን ስም ልጠልፍባቸው አስቤ ነበር። ይሆናል? በረኪና ውስጥ ብዘፈዝፋቸውስ ምን ይላሉ?


ጥልፍ ወዳድ (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ አለሽ፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ውሃ የማያስገባው ክፍል ላይ መርፌ አታሳርፊ። መርፌ በገባበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል፤ ልጁ ሲቀመጥና ሽንቱ ጫና ሲያገኝ በዚያ ይወጣል። ስሙን መጥለፍ ከፈለግሽ ከወገቡ ጠርዝ ላይ፣ ቁልፎቹ ካሉበት መስመር በላይ ባለው ጠባብ ቦታ ይሁን፤ እዚያ ሽንት አይደርስም። ወይም ኪሱ ውስጥ የሚገባውን ጨርቅ ጫፍ ጥለፊ።

በረኪናውን ተዪው። ውሃ የማያስገባውን ሽፋንና የወገቡን ላስቲክ ቶሎ ያደክመዋል፤ የጥልፉንም ቀለም ይበላዋል። እነዚያን ዳይፐሮችም አትቀቅያቸው። ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቢያቸው፤ ጥላ ሥር ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስጪያቸው። የሚቀቀለው የውስጡ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ነው።


የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ስለ ውሃ ጠይቀሻልና እኛ ዘንድ ነይ። የድሬዳዋን ውሃ ያፈላ ማንቆርቆሪያ አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ ውስጡን ይመልከት፤ ነጭ ቅርፊት ጋግሮ ታገኙታላችሁ። ያ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዢየም ነው። የሽንት ጨርቃችን ላይም የሚያርፈው እርሱ ነው።

ብዙ እናቶች ጨርቁ እየደረቀና እየጠቆረ ሲሄድ ሳሙና ያነሰው እየመሰላቸው ይጨምራሉ። በደረቅ ሳሙና ከሆነ የሚያጥቡት፣ በጨመሩ ቁጥር ይብሳል። ሳሙናው በውሃው ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ክሩ ውስጥ ይቀመጣል። አረፋ እምቢ ማለቱ የእርሱ ምልክት ነው። ጨርቁ ሽንት አይጠጣም፣ ሽታ ይይዛል፣ የልጁን መቀመጫ ይፍቃል። ከዚያ «ልጄ ተላጠብኝ» ተብሎ ቅባት ይገዛል።

የሚሠራው ይህ ነው። አንደኛ፣ ለሽንት ጨርቅ ደረቅ ሳሙናውን ትተን የዱቄት ሳሙና እንጠቀም፤ የዱቄት ሳሙና እንዲህ ያለ ዝቃጭ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ውሃውን አፍልተን እናሳድረውና ከላይ ያለውን ቀስ ብለን እንቅዳ፤ አንዱ ክፍል ማዕድን ከታች ዘቅጦ ይቀራል። ሁሉንም አያወጣም፤ ልዩነቱ ግን በእጅ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮ የሚወርደውን መጀመሪያ ጣሪያው እስኪታጠብ እንተወውና ከዚያ በኋላ እናጠራቅም። የዝናብ ውሃ ለማለቅለቅ የሚያህለው የለም።

ቀድሞ የደረቀ ጨርቅ ያላት ሰው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጨምራ በንጹሕ ውሃ ትድገመው፤ ይለሰልሳል። ግን ኮምጣጤና በረኪና በአንድ ሳፋ እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ይህን በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽም አትጨምሩ። ክሩን በስሱ ቅባት ነገር ይሸፍነዋል፤ ጨርቁ ለእጅ ይለሰልሳል እንጂ ሽንት መጠጣት ይተዋል።


እናት ከደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣ በጥሩ ነገር ተሰባስባችኋል። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በአሮጌ ነጠላ ነው። የነጠላ ክር ብዙ ከታጠበ በኋላ የሚያህለው ልስላሴ የለም። አራስ ልጅ ለሚመጣበት ቤት ጎረቤት ያረጀ ነጠላ ያመጣ ነበር። ጥለቱ ይቀደድና ለብቻው ይቀመጣል፤ ነጩ ይቆረጣል።

በጌጡ ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። ለየዕለቱ ጨርቅ ድካም አይገባኝም። ጌጥ ለክርስትና ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሚታጠቁት ነጭ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥለት የተሰፋበት ቢሆን ያምራል። የክርስትና እናት ልጁን ስትቀበል ነጭ በነጭ ሆኖ ማየት ደስ ይላል። የቀረው ንጹሕ ይሁን እንጂ አበባ ባይኖረውም ግድ የለም።

ሌላው፣ ጨርቅ የሚቀንሰውን ነገር አትርሱ። ልጅ ከእንቅልፉ ሲነቃና ከጠባ በኋላ ሽንቱ ይመጣል። እኛ ያን ጊዜ እግራችን ላይ አስቀምጠን «ሽሽሽ» እንል ነበር፤ ልጁም ይለምዳል። መቀመጥ ሲችል ፖፖ ላይ ነው። እንዲህ የለመደ ልጅ የሚያረጥበው ጨርቅ ጥቂት ነው፤ የማይረጥብ ጨርቅ ደግሞ አይታጠብም።

ጋቢና ነጠላ የምናጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ሲመታ አረፋው ሳፋውን ይሞላል፤ ነጩን ነጭ ያደርገዋል። ለሽንት ጨርቅ ይሆን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩ።


ነርስ ነኝ (ባሕር ዳር)

እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። በእንዶዱ ልጀምር። እንዶድ የሚያጸዳው ውስጡ ባለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ግን ብርቱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንን ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ግኝቱ ትልቅ ሆነ። ለጋቢ ጥሩ የሆነው እንዶድ ለሽንት ጨርቅ ግን አልመክረውም። ቢዋጥ ይመርዛል፣ ዓይንንና ቆዳን ይቆጠቁጣል፤ በደንብ ካልተለቀለቀ ቀኑን ሙሉ ከእርጥብ ገላ ጋር ይውላል። ዱቄቱም ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ ይራቅ።

አሁን ስለ አሮጌው ነጠላ። ይህን እባካችሁ ለሌሎችም አስተላልፉት። ሳጥን ውስጥ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ተደርጎበት የኖረ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ለአራስ አይሰጥ። ናፍታሊን በቆዳም በትንፋሽም ወደ ሕፃን ደም ይገባል፤ ገላው ቅባት ከተቀባ ደግሞ ይብስ ይገባል። በተለይ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሳቸው ልጆች ቀይ የደም ሴላቸው ይፈራርሳል። ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ይገረጣሉ፣ መጥባት ያቅታቸዋል። ልጁ ይህ እጥረት ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይታወቅም። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ነው፤ ጨርቁ ናፍታሊን እንደነካው ለሐኪሙ መናገር አይረሳ።

በረኪናን በተመለከተ፣ ሽንት የያዘ ጨርቅ ላይ በቀጥታ አይፈስስም። የቆየ ሽንት ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ የሚቆጠቁጥ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ጎንበስ ብላ የምታጥብ አራስ ስትስበው ያማታል። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ከሆነ መቀቀል በረኪናን ይተካል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ።

ልጁ ከተላጠ ሁለት ዓይነቱን ለዩ። አንዱ እርጥበት ያመጣው ነው፤ ጨርቁ የሚነካው ቦታ ይቀላል፣ የብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ግን ደህና ነው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ለጥቂት ጊዜ ራቁቱን ነፋስ ማስነካት ያሽለዋል። ሌላው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ በጣም የሚቀላና ዙሪያውን ነጠብጣብ ሽፍታ የሚያወጣው ነው። እርሱ ፈንገስ ነው፤ መድኃኒት ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ጨርቆቹ በየዕለቱ ይቀቀሉ፤ አለበለዚያ ልጁ ድኖ እንደገና ከጨርቁ ይይዘዋል።

ስለ ጥልፉም አንድ ነገር ልጨምር። የላላ ክር በእግር ጣት ወይም በወንድ ልጅ ብልት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሲያቆም ያጋጥማል። ልጅ ያለ ምክንያት ሲያለቅስ ጨርቁን ፍቱና ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ጥልፉን በጣት ዳሰስ አድርጉት፤ የተነሣ ክር ካለ ይቆረጥ ወይም ተስቦ ይጥበቅ።


አባት ነኝ (አዳማ)

እኛ ቤት ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ስትታረስ ጀመርኩ፤ ታርሳ ከወጣች በኋላም አልተውኩትም። እዚህ የጻፈ ወንድ ስላላየሁ ብቅ አልኩ። ለወንድሞቼ የምላችሁ፣ አራስ ሴት ወገቧን አጎንብሳ ሳፋ ላይ እንድትውል አትፍቀዱ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በመጣበት ቀን በርሜሉን እንሞላለን፤ እስኪመለስ በዚያው ነው የምንኖረው። ስለዚህ ውሃውን በተራ እጠቀምበታለሁ። ሦስት ሳፋ እደረድራለሁ። የትናንቱ መጨረሻ ማለቅለቂያ የዛሬው መጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፤ እርሱ ሲደፈርስ ሽንት ቤት ይፈስሳል። ንጹሑ ውሃ ሁልጊዜ ለመጨረሻው ይጠበቃል። የመጀመሪያውን ውሃ ጎመንና ሰላጣ ላይ የሚያፈስሱ አይቻለሁ፤ የሕፃን ዓይነ ምድርም እንደ ትልቅ ሰው በሽታ ይይዛል፤ አትሞክሩት።

ሌላው የባልዲው ክዳን ነው። ጥልፍ ወዳድ በአንድ ቃል አለፈችው። ቆሞ መሄድ የጀመረ ልጅ ባልዲ ላይ ተደግፎ በጭንቅላቱ ሊገባ ይችላል፤ ጥቂት ውሃም ይበቃል። የእኛ ባልዲ ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ የሚቀመጠውም ከፍ ካለ ቦታ ነው።

ጥልፉን እኔ አልችልም፤ ማዕዘኑን ሳላጠምዝዝ መጭመቅ ግን ተምሬያለሁ። ጨርቁን ለሁለት አጥፌ፣ ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልዬ እረግጠዋለሁ። ውሃው ወደ ፎጣው ይሄዳል፤ ክሩ አይሳብም፤ አዳማ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቶሎ ይደርቃል።


ጥልፍ ወዳድ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። የፎጣው ዘዴ ግሩም ነው፤ ለክረምትም ይረዳል፤ ጨርቁ ግማሽ ደርቆ ገመድ ላይ ይወጣል።

ለእናታችን ከደብረ ብርሃን፦ ጥለቱን በክርስትና ጨርቅ ጫፍ መስፋቱን ወድጄዋለሁ። ከመስፋትዎ በፊት ግን ጥለቱም ለብቻው ይቀቀል፤ ቀለሙን ካልለቀቀና ካልተሰበሰበ ብቻ ይሰፋ። ጥለቱ ኋላ ቢሰበሰብ ነጩን ጨርቅ ያኮማትረዋል። በየዕለቱ ጌጥ አያስፈልግም ባሉት ግን አልስማማም። ክርስትናው አንድ ቀን ነው፤ ልጁ ያን ጨርቅ የሚታጠቀው ለጥቂት ሰዓት ነው። የዓመት ሙሉ ድካም ያለው የየዕለቱ ጨርቅ ላይ ነው፤ እኔ ውበቱን የምፈልገውም እዚያ ነው።


እናት ከደብረ ብርሃን

ልክ ነሽ እንዳልል አሁንም ነጭ እወዳለሁ። ግን አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ መሆኑን ስትነግሪኝ ቀለል አለኝ። ናፍታሊኑን አላውቅም ነበር። ሳጥኔን ዛሬውኑ እከፍታለሁ፤ ለልጅ ልጄ ብዬ ያስቀመጥኩት አለ።


ከነታኒያ

እዚህ እስራኤል ቴትራ የሚሉት ጨርቅ አለ፤ ሳሳ ያለ፣ እንደ ነጠላ ክሩ የሚታይ የጥጥ ጨርቅ ነው። ድሮ የሽንት ጨርቅ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሰው ዳይፐር ስለሚጠቀም ቴትራው ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ልጅ ሲያገሳ የሚያስመልሰውን ለመጥረግ ነው የሚውለው። እናቴ ግን ቴትራውን እንዳየች «ይህማ ነጠላ ነው» ብላ ለልጄ አስታጠቀችው። ጫፉን በኪሮሽ በቀጭን ጥጥ ክር ዙሪያውን ሠርታዋለች። ቀዳዳው የጠበቀ ስለሆነ ጣት አይገባበትም፤ ብዙ ታጥቦም ቅርጹን አልለቀቀም።

ዝናቡ በሚበዛበት ወቅት ቤት ውስጥ ነው የማደርቀው፤ ቴትራ ቀጭን ስለሆነ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። በዚህ ነገር ከአቡጀዲ የሚሻል ይመስለኛል፤ ጥልፍ ግን አይችልም፤ ጨርቁ ስለሚሳሳ ክሩ ይጎትተዋል። ለእርሱ የኪሮሽ ጠርዝ ይሻላል።


የጂማ እናት

ክረምቱን የምንመልስ እኛ ነን፤ ጂማ ዝናብ ሲጀምር ማባሪያ የለውም።

መጀመሪያ ማስጫውን። ሳር ላይ ወይም አጥር ላይ መዘርጋት ለምደናል፤ ለሽንት ጨርቅ ግን ይቅር። በአፍሪካ ሞቃትና እርጥበት ባለባቸው አካባቢዎች እንቁላሏን በጥላ ሥር ባለ እርጥብ ልብስና ሽንት በነካው አፈር ላይ የምትጥል ዝንብ አለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል ትሏ ቆዳ ውስጥ ትገባለች፤ እብጠት ይሆናል፤ መካከሉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነገር ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ገመድ ላይ፣ ሙሉ ፀሐይ ባለበት ማስጣት፤ ፀሐይ ከሌለ በሁለቱም በኩል በጋለ ካውያ መተኮስ። ስፌቱና ዝምዝማቱ ላይ ቆም እያላችሁ ተኩሱ፤ እርጥበቱም እንቁላሉም የሚደበቀው እዚያ ነው። ጥልፉ ያለበትን ገልብጣችሁ በጀርባው ተኩሱ፤ ክሩ አይጨፈለቅም።

ሁለተኛው ያስፈራኛል። አራስ ቤት በርና መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጨርቅ ከላዩ መስቀል የብዙ ቤት ልማድ ነው። የከሰል ጭስ ባይታይም የሚገድል ጋዝ አለው፤ ሽታም የለውም። እናትና ልጅ ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ካውያውን እዚያው አግላችሁ ይዛችሁ ግቡ። ጨርቁ ማድ ቤት ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይሰቀል።

እኔ ክረምት ሲገባ ቁጥሩን እጨምራለሁ። በበጋ 20 ጨርቅ ከበቃ በክረምት ከ30 በታች አይሆንም።


ሥራ ይበዛብኛል (አዲስ አበባ)

ሁሉንም አነበብኩ፤ ደከመኝም። ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ፤ ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ ይህን ሁሉ ልትሠራ አትችልም። ዳይፐሩ ደግሞ ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። መካከለኛ መንገድ የለም?


ጥልፍ ወዳድ (አዲስ አበባ)

አለ እህቴ። ሌሊትና መንገድ ላይ የሚጣለውን ዳይፐር፣ ቤት ስትሆኚ ጨርቅ አድርጊ። ልጅ የምትይዝልሽን እጥበት አትጨምሪባት፤ ዓይነ ምድሩን ጥላ፣ በቀዝቃዛ አለቅልቃ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ብቻ ታስቀምጥ። የቀረውን ማታ አንቺ ወይም የልጁ አባት ትጨርሱታላችሁ። አዳማ ያለው ወንድማችን እንዴት እንደሆነ ያስረዳዋል። ልጁ ጡት ብቻ በሚጠባበት ጊዜ እጥበቱ ቀላል ነው፤ ዓይነ ምድሩ በውሃ ይሟሟል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር ነው ጠንከር የሚለው፤ ያን ጊዜ ቀጭን ጨርቅ ከላይ አንጥፊበት፤ እርሱን ብቻ እያነሣሽ ታራግፊያለሽ። ቅባት የምትቀቢውም ከሆነ ያ ቀጭን ጨርቅ ይጠቅምሻል፤ ቅባቱ ዋናውን ጨርቅ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

ቢጫ እድፍ የቀረበት ጨርቅ ሲያጋጥምሽ አትጨነቂ። ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ እድፉን ወደ ላይ አድርገሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ሲደርቅ እንደገና ውሃ እርጪበት። የጡት ልጅ እድፍ በዚህ ይለቃል። ጥልፉን ግን ወደ ታች አጥፊው፤ ያው ፀሐይ ቀለሙንም ያነጣዋል።


የመጀመሪያ ልጅ (ሐዋሳ)

አቡጀዲውን ዛሬ ገዝቼ ዘፍዝፌዋለሁ። ስንት ሜትር ልጨምር? የመስቀል ጥልፉንስ ያለ ወንፊት ጨርቅ መሥራት ይቻላል?


ጥልፍ ወዳድ (አዲስ አበባ)

ስፋቱን ለኪና ንገሪኝ፤ አቡጀዲ ሁሉ አንድ ስፋት የለውም። ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን እንዲወጣው ከታጠበ በኋላ ለዝምዝማቱ ጭምር 1 ሜትር ከ46 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊኖረው ይገባል። ካነሰ ትራፊውን አትጣይው፤ ከላይ ለሚነጠፈው ቀጭን ጨርቅ ይሆንሻል።

ለመስቀል ጥልፉ የአቡጀዲ ክር ጥቅጥቅ ስለሆነ በዓይን መቁጠር ያስቸግራል። በእርሳስ ትንንሽ አራት ማዕዘን በማስመሪያ አስምሪበት፤ ሲታጠብ እርሳሱ ይለቃል። ኮፒ ወረቀትና እስክሪብቶ አትጠቀሚ፤ ከተቀቀለም በኋላ አይለቅም። ለመጀመሪያው ቀላል አበባ ምረጪ፤ አምስት ቅጠልና አንድ ግንድ፣ ከማዕዘኑ ጫፍ ሦስት ጣት ገባ ብሎ። ከሠራሽው በኋላ ሌሎቹን ከመጀመርሽ በፊት ያንን አንዱን ቀቅለሽ፣ አስጥተሽ፣ ተኩሰሽ እዪው። ክሩ ካልላላና ቀለሙ ካልነካካ በዚያው ክር ቀጥይ።